ቮልት አለ፣ መብራት ግን የለም፤ የጭቃ ባትሪ ለሠሩ መምህር

አራት ኪሎ አካባቢ ባዮሎጂ የሚያስተምሩ አንባቢ እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል። ጭቃ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ኤሌክትሪክ ለማግኘት ከተማሪዎቻቸው ጋር ከቀበና ወንዝ ዳር ጭቃ አምጥተው በአንድ ሳፋ ውስጥ አራት ጥንድ የቆርቆሮ ቁራጭና የመዳብ ሽቦ ተከሉ፤ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ እንዲሆን ብለው የጠላ አተላ ጨመሩበት። አራቱን ጥንድ በተከታታይ ቢያያይዟቸውም የኤሌክትሪክ መለኪያው መልቲሜትር ከ0.8 ቮልት አላልፍ አለ፤ ቀይዋ ትንሽ አምፖል፣ ኤልኢዲም፣ አልበራችም። «ባክቴሪያዎቹ ሞተው ይሆን?» ይላሉ።

መምህር፣ ባክቴሪያዎቹን አይውቀሷቸው። ያ 0.8 ቮልት ከመጀመሪያውም ከእነሱ የመጣ አይመስለኝም። የጣሪያ ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ዚንክና መዳብ እርጥብ ነገር ውስጥ አብረው ሲገቡ ዚንኩ እየተበላ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ሎሚ ላይ ምስማር ተሰክቶ የሚታየውም ይኸው ነው። ለማረጋገጥ ከጭቃው ጥቂት ወስደው ለምግብ በማይውል ጣሳ ያፍሉት፤ ሲቀዘቅዝ ያንኑ ቆርቆሮና ሽቦ ይትከሉበት። ቮልቱ ካልተለወጠ ምንጩ ብረቱ ነው። ይህን ፍተሻ ተማሪዎቹ በእጃቸው ቢሠሩት ደስ ይለኛል፤ አምፖሏ ከመብራቷ በፊት ሊያውቁት የሚገባው ኤሌክትሪኩን ማን እንደሚሰጣቸው ነውና።

እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ማይክል ፖተር በ1911 እ.ኤ.አ. ረቂቅ ሕዋሳት ምግብ ሲያፈርሱ ኤሌክትሪክ እንደሚገኝ ሲያሳዩ የተጠቀሙት በማይበላ ብረት፣ በፕላቲነም ነበር። ለእኛ የሚቀርበው ካርቦን ነው። ካለቀ ተራ የባትሪ ድንጋይ መካከል ያለውን ጥቁር ዘንግ ያውጡ፤ ጓንት ያድርጉ፤ አልካላይንና የስልክ ባትሪ ግን ፈጽሞ አይክፈቱ። የምድጃ ከሰል አይሆንም፤ በመልቲሜትር ቢለኩት አብዛኛው ኤሌክትሪክ እንደማያሳልፍ ያያሉ።

አንዱን ዘንግ አየር በማይደርስበት የጭቃው ታች ይቅበሩ፤ ሌላውን ከላይ ባለው ውሃ ውስጥ ግማሹ አየር እንዲነካ አድርገው ያቁሙ። ታች ያሉት ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ በ1987 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ፖቶማክ ወንዝ ጭቃ የተገኘው የጂኦባክተር ዓይነት፣ ከምግባቸው የሚያወጡትን ኤሌክትሮን ለዘንጉ ያስረክባሉ፤ ላይ ያለው ኦክስጅን ይቀበላል። ሽቦው ከዘንጉ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ከውሃው በላይ ይሁን፤ መዳብ ጭቃው ውስጥ ከገባ ያው የብረት ባትሪ ተመልሶ ይመጣል። አተላውን ይተዉት። ሲብላላ አሲድ ያበዛል፤ የቀበና ጭቃ ደግሞ የራሱ ምግብ አያንሰውም። ፍሳሽ የሚገባበት ወንዝ ስለሆነ ልጆቹ ከነኩት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ሁለተኛው ጥፋት ሳፋው ነው። ጭቃው ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በአንድ ዕቃ ውስጥ የተተከሉ ጥንዶች በውስጥ ይገናኛሉ፤ በውጭ በተከታታይ ቢያያይዟቸውም ቮልታቸው አይደመርም። አራት የተለያዩ ፕላስቲክ ማሰሮዎች ያዘጋጁ። የአዲስ አበባ ሌሊት ለእነዚህ ፍጥረታት ብርድ ነውና ሙቀት ባለበት ክፍል ያኑሯቸው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንትም ይታገሡ።

ከዚያ በኋላ በባዶ፣ ማለትም ምንም ሳይያያዝበት፣ የተለካ ቮልት አያታልልዎ። ወደ ሱቄ የሚመጣ የደከመ የስልክ ባትሪ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛል፤ መልቲሜትሩ 3.7 ይላል፣ ስልኩ ሲከፈት ግን ወዲያው ይጠፋል። መልቲሜትር ከባትሪው የሚጠይቀው ጅረት ከምንም አይቆጠርም። በእያንዳንዱ ማሰሮ ጫፎች መካከል 1,000 ኦም ሬዚስተር (ጅረትን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) አያይዘው በሬዚስተሩ ላይ ይለኩ። 0.1 ቮልት ካገኙ ማሰሮው 0.1 ሚሊአምፔር እየሰጠ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ዘንግ አያሳፍርም። አራቱን በተከታታይ ሲያስሩ አንዱ በተቃራኒው ምልክት ካነበበ ደካማው እሱ ነውና ያውጡት።

ቀይ ኤልኢዲ 1.8 ቮልት አካባቢ ትፈልጋለች፤ ያለማቋረጥ እንድትበራ አይጠብቁ። እያንዳንዱ ማሰሮ በባዶው 0.6 ቮልት ከደረሰ አራቱ 2.4 ይሆናሉ። በዚያ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም 4,700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ለጥቂት ደቂቃዎች ይሙሉና አምፖሏን በመጫኛ ቁልፍ ያገናኙ። ብልጭ ትላለች፤ ካፓሲተሩ እስኪሞላ ጠብቀው ደግሞ ይጫኑ።

ውጤቱን ሲልኩልኝ በሬዚስተሩ ላይ የለኩትን ቁጥርና የፈላው ጭቃ ያሳየውን ይላኩልኝ፤ የቀረውን ከዚያ ተነስተን እናያለን።