“በዘንግና በመንጠቆ የተያዘ” የሚለው ቱና ዋጋው ይገባዋል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ልድገመውና ልመልስ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሁለት የቱና ጣሳ አየሽ። አንደኛው ላይ “በዘንግና በመንጠቆ የተያዘ፣ ማልዲቭስ” ይላል፣ ዋጋውም ከጎኑ ካለው ይበልጣል። እውነት ነው ወይስ የሻጭ ወሬ ነው ብለሽ ጠየቅሽ። ማልዲቭስ ሪዞርት ወጥ ቤት ስሠራ ከጀልባ ዓሣ የምረከበው እኔ ነበርኩ፣ አንዳንዴም አብሬያቸው እወጣ ነበር። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ። (የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር አልነካም። እሱ ሌላ ቀን።)

ወሬ አይደለም። እዚያ አገር ቱናን በመረብ ማጥመድ በሕግ ክልክል ነው። ልማዱም የቆየ ነው። ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1340ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሪልኝ) እዚያ ቃዲ ሆኖ ሲኖር፣ የደረቀ ዓሣቸው ወደ ህንድ፣ ወደ ቻይናና ወደ የመን እንደሚጫን ጽፏል።

ሥራው የሚጀመረው ሌሊት ነው። አጥማጆቹ ኮራሉ (ባሕር ውስጥ የሚያድገው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር) ዳር ጀልባቸውን አቁመው መብራት ወደ ውሃው ይለቃሉ። ጣት የማያካክሉ ብርማ ዓሦች ብርሃኑ ስር ሲሰበሰቡ በመረብ ከታች ያነሷቸዋል። መረብ የሚነካው ይሄንን ማባበያ ብቻ ነው። ጀልባዋ ሆድ ውስጥ የባሕር ውሃ እየገባ የሚወጣበት ክፍል አለ፣ ማባበያው እዚያ በሕይወት ይቆያል። ከሞተ የዕለቱ ሥራ አበቃ ማለት ነው። ሲነጋ ደግሞ ዓይን ሁሉ ወፍ ፍለጋ ነው። ወፍ ተሰብስቦ ውሃው ላይ የሚወረወርበት ቦታ ስር ቱና አለ።

ቦታው ላይ ሲደርሱ አንዱ ማባበያውን እየዘገነ ይበትናል። ከጀልባዋ ኋላ ቧንቧዎች ውሃ ይረጫሉ። የውሃው ፊት ሲንጫጫ ቱናው ትንንሾቹ ዓሦች እየዘለሉ ይመስለዋል፣ ሰዎቹንም አያያቸውም። አጥማጆቹ ኋላ ተደርድረው ቆመዋል። መንጠቆው ያብረቀርቃል እንጂ ምግብ የለበትም፣ ጫፉም ላይ ወደ ኋላ የሚይዝ እሾህ የለውም። ቱናው እንደነከሰ ዘንጉን ወደ ላይ ነው። ዓሣው በራሳቸው ላይ በርሮ ከኋላቸው ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ መንጠቆው በራሱ ይወልቃል፣ ዘንጉ ወዲያው ተመልሶ ውሃ ውስጥ ነው። ስኪፕጃክ (ብዙውን ጊዜ የሚያጠምዱት አነስ ያለው የቱና ዓይነት) የጀልባዋን ወለል በጅራቱ ሲደበድብ ድምፁ የጥምቀት ከበሮ ነው፣ አጠገብሽ ያለው ሰው የሚልሽን አትሰሚም። ከዚያ መንጋው ድንገት ይጠልቅና ጸጥ ይላል።

አንድ በአንድ ስለሚወጣ ያልተፈለገ ፍጥረት የሚያዘው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ትልልቆቹ መርከቦች ተንሳፋፊ ነገር ዙሪያ መረብ ሲዘጉ ግን ከስኪፕጃኩ ጋር ገና ያልደረሰ የሎውፊን (ትልቅ የሚሆነው ሌላው የቱና ዓይነት) ይገባል፣ ሻርክም ይገባል። የማልዲቭስ ስኪፕጃክ በ2012 ዓሣው ባሕሩን ሳይጎዳ መያዙን የሚመሰክረውን ድርጅት፣ የማሪን ስቱዋርድሺፕ ካውንስልን፣ ምስክርነት ያገኘው በዚህ ነው። እንከን የለሽ ነው ግን አልልሽም። ማባበያው ራሱ ከኮራል ነው የሚወጣው፣ እሱ ሲጠፋ ቱና ሞልቶም ጀልባ ይቆማል። መንግሥትም ቱና እንዲሰበሰብባቸው ብሎ ወደ 50 የሚሆኑ መልሕቅ የተጣለላቸው ተንሳፋፊዎች ባሕር ላይ አስቀምጧል፣ ስለዚህ በተንሳፋፊ የሚጠቀሙት ትልልቆቹ መርከቦች ብቻ አይደሉም።

እኔን ግን ከዘንጉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ በረዶው ነበር። ቱና ከሞተ በኋላ ሙቀት ላይ ከቆየ ሂስታሚን የሚባል የሚመርዝ ነገር ያፈራል። ፊት ያቀላል፣ ራስ ያሳምማል፣ ልብ ያስመታል። ብትቀቅይው ብትጠብሽው አይጠፋም፣ ጣሳም አያድነውም። የቤታችን ደንብ ከ4 ዲግሪ በላይ የሆነ ዓሣ አይገባም የሚል ነበር። ቴርሞሜትሩን ከጀርባ አጥንቱ አጠገብ እሰካለሁ። ካለፈ፣ ካፒቴኑ የቱንም ያህል ወዳጄ ቢሆን፣ ይመለሳል። አንዳንዱ ካፒቴን ይቆጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳልነግረው ራሱ ቴርሞሜትሩን ጎንበስ ብሎ አይቶ ዓሣውን መልሶ ይጭናል። የምመርጠው ይሄኛውን ነው።

ትርፍ የከፈልሽው ገንዘብ አጥማጁ ጋ ይደርሳል ወይ? እዚህ ላይ አዝናለሁ። አብዛኛው ስኪፕጃክ በረዶ ሆኖ ወደ ታይላንድ ይሄድና እዚያ ይታሸጋል። ማልዲቭስ ውስጥም ማሸጊያ አለ፣ የፌሊቫሩው ፋብሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ ነው። ችግሩ ቀረጥ ነው። አገሪቱ በ2011 ከድሃ አገሮች ዝርዝር ስትወጣ በ2014 ደግሞ ወደ አውሮፓ ኅብረት ያለ ቀረጥ መግባቷ ቀረ። የታሸገ ቱናዋ 24 በመቶ ይከፈልበታል። ሲሸልስ የሚታሸገው፣ በመረብ የተያዘው፣ ያለ ቀረጥ ይገባል። ፍርድ ነው ይሄ? ጀልባ ላይ ያሉት ደግሞ ደመወዝ የላቸውም። ነዳጅና ሌላው ወጪ ተቀንሶ የቀረው በድርሻ ነው የሚከፋፈለው።

ድሮ ቀቅሎ፣ አጭሶ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ ለስሪላንካ ማዘጋጀት የሴቶች ሥራ ነበር። በ1970ዎቹ ማቀዝቀዣ መርከቦች ጥሬውን መግዛት ሲጀምሩ ያ ገቢ ከእጃቸው ወጣ። ዛሬም በየቤቱ የሚያደርቁ አሉ፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

እንግዲህ ጣሳውን ስታነሺ “በመንጠቆ የተያዘ” የሚለው ብቻ እንዳያሞኝሽ። ብዙ ኪሎሜትር ገመድ ላይ እልፍ መንጠቆ አንጠልጥሎ የሚያጠምደውም በመንጠቆ ነው፣ እሱ ኤሊም ሻርክም ይይዛል። “ፖል ኤንድ ላይን” የሚለውን ፈልጊ፣ በእንግሊዝኛ በዘንግና በመንጠቆ ማለት ነው። የዓሣው ዓይነትና የተያዘበት ውቅያኖስም ይጻፍ። ኪስሽ ከቻለ ግዢው፣ እኔ እገዛለሁ። ሚጥሚጣ በዝቶበት ሳምቡሳ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን በጣዕም ልዩነቱን አታገኚውም፣ ይሄንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።

ከገዛሽው ውሃውን አጥልዪና ከተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር በእጅሽ እሺው። ማስ ሁኒ ይሉታል። ቁርሳቸው ነው፣ በትኩስ ቂጣ ይበላል።