ከዲዩቲ ጎን ምርምር መልመድ፦ የጤና ባለሙያዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም። ባሕር ዳር የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ምርምር ላይም እሳተፋለሁ። ስለ ሪሰርች ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ሥራ ሳይለቁ ከተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ስለ መልመድ፣ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ዘጌ በኩል ጤና ጣቢያ የምሠራ ሚድዋይፍ ነኝ። ሪሰርች የዶክተሮች ነገር አይደል እንዴ? እኔን ማን ይቀበለኛል?

መልስ፦ ኧረ ተይ እህቴ! ጥያቄሽ እኮ ጠረጴዛሽ ላይ ተቀምጧል። የእርግዝና ክትትል መዝገቡን ግለጪና እናቶች መጀመሪያ ሲመጡ ስንት ሳምንት እንደሆናቸው የሚሞላበትን ቦታ እዪ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር በእርግዝና ጊዜ በጠቅላላው 8 ጊዜ ክትትል፣ የመጀመሪያው ደግሞ 12 ሳምንት ሳያልፍ ነው የሚለው። መዝገብሽ ላይ 20፣ 24፣ 28 እያለ ከወረደ ለምን? ጀልባው ነው? መንገዱ? ወይስ ሆድ ሳይገፋ እርግዝናን ማውራት ስለሚከብድ? ቦታው ባዶ ከሆነም ለምን አልተሞላም ብለሽ ጠይቂ። ይህን በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ወይም የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሂጂ። «ኢንተርንሺፕ አላችሁ?» ብሎ ባዶ እጅ ከመግባት በጣም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪ ነኝ። የቢልሃርዝያ ጥናት ላይ ልገባ ነው። ናሙና ሰብሳቢ አድርገው እንዳያስቀሩኝ ፈራሁ።

መልስ፦ ፍርሃትህ ልክ ነው ወንድሜ፤ ይህ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ የቆየ ችግር ስለሆነ ናሙና የሚሰበስብ ሁሌም ይፈለጋል። ግን ካቶ ካትዝ (በሰገራ ውስጥ ያለውን የትሉን እንቁላል በማይክሮስኮፕ የመቁጠር ምርመራ) ስትሠራ 41.7 ሚሊ ግራም ሰገራ አዘጋጅተህ፣ እንቁላሉን ቆጥረህ በ24 ታባዛለህ አይደል? ለምን በ24? ወደ አንድ ግራም ለመቀየር ነው። 17 እንቁላል ካገኘህ በአንድ ግራም 408 ይሆናል፤ 400 ደግሞ የአንጀት ቢልሃርዝያ የከባዱ ደረጃ መነሻ ነው። አንድ እንቁላል ሳትቆጥር ቢያመልጥህ ታማሚው ወደ መካከለኛ ይወርዳል። እንግዲህ ስላይዱን ሁለተኛ ሰው ይቆጥረዋል ወይ? ሁለቱ ካልተስማሙስ? ከጥናት ቡድኑ ጋር ስትወያይ ይህን አንሣ። ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ሦስት ነገር በጽሑፍ አስጨርስ፦ ፕሮፖዛሉን ታነባለህ፣ ትንተናው ሲሠራ አብረህ ትቀመጣለህ፣ ስምህ በምን ሁኔታ ጽሑፉ ላይ እንደሚገባ ይነገርሃል። እምቢ ካሉህ ሥራው ቅጥር ነው፤ አበሉን ተደራደር።

ጥያቄ፦ የራሴ ዋርድ ነው፣ ካርድ ክፍሎቹም ያውቁኛል። ካርዶቹን አሁን ማየት ብጀምርስ?

መልስ፦ አይሆንም። ለሕክምና ካርድ ማየትና ለምርምር ማየት ይለያያሉ። መጀመሪያ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ይፍቀድ። ከዚያም በስም ፋንታ ኮድ ጻፍ። በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክማ ጭራሽ!

ጥያቄ፦ ይከፈላል?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይከፈልም። መስክ ከወጣሽ አበል ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ዲዩቲ እየገባሁ እችለዋለሁ?

መልስ፦ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ካገኘሽ፣ አዎ። ሜትረኗን (የነርሶች ኃላፊዋን) በቃል ብቻ አታናግሪያት፤ ደብዳቤ ይጻፍ። «በእረፍቴ እሠራዋለሁ» ያሉ ጓደኞቼ ከሌሊት ዲዩቲ ወጥተው ኮምፒውተር ላይ ሲያንቀላፉ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ስታቲስቲክስ ላይ ዜሮ ነኝ።

መልስ፦ ለመነሻ ኤክሴል ይበቃል። ኢፒ ኢንፎ የሚባለው የጤና መረጃ መተንተኛ ሶፍትዌርም በነፃ የተሠራጨ ነው። ሶፍትዌሩን ከመክፈትሽ በፊት ግን ውጤቱ የሚሞላበትን ባዶ ሠንጠረዥ በእጅሽ ሥሪ፤ ምን እንደምትቆጥሪ ያኔ ይገባሻል።