መልስ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችንን በምን እናግዛት?
እህቴ፣ ዘጌ ላሉ ቤተሰቦችሽ የጠየቅሽውን አይቻለሁ። መጀመሪያ የሚጎድላትን ራሷን ጠይቋት። ከዚያ ጥያቄዋን በነዋሪው ፊርማ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አድርሱላት። ብቻዋን ስትጮህ ሰሚ ታጣለች።

ክረምት ሲወጣ ጣና ዳር ወባ ይነሳል። ያኔ ጤና ኬላው ውስጥ መመርመሪያና የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ካለቀ፣ ትኩሳት የሚያነደውን ሕፃን ታቅፋ ለመጣች እናት ምን ትስጣት? ስድቡ ግን ሠራተኛዋ ላይ ነው የሚወርደው፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ደብዳቤው ላይ መድኃኒቱን አስቀድሙ።

ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኛ ነበር። ብቻዋን ከሆነች ይህንንም አንሱ። የክትባት ሣጥን ተሸክማ ቤት ለቤት ስትዞር ደግሞ አብሯት የሚሄድ ሰው መድቡላት፤ የየግቢው ውሻ ቀላል አይደለም።