በባትሪ የሚሠራ የሪሞት መጋረጃ፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ኮምቦልቻው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሪሞት መጋረጃ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ እዚሁ በአንድ ላይ ልመልስ። የምሠራው ባትሪው ከነሞተሩ ቱቦው ውስጥ የሚገባውን ጥቅል መጋረጃ (ሮለር) እና ዜብራውን (ስስና ወፍራም መስመር የሚፈራረቅበትን) ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ የመስኮቱን ስፋትና ቁመት በሳንቲ ሜትር፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ፣ ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ። "ለትልቅ መስኮት የቱ ይሻላል" ለሚለኝ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ፦ ባለሞተር መጋረጃ በእጅ አይጎተትም።

የሆጤዋ፦ አያ፣ እንደምን ሰነበትክ። የሳሎኔ መስኮት ስፋቱ 180፣ ቁመቱ 200 ነው፤ ወደ ምዕራብ ያያል፣ ወደ ውጭ ይከፈታል። ብርሃን የማያስገባውን ወፍራም ጨርቅ ነው የፈለግሁት። ሻጩ "ሞተሩ 1.1 ኒውተን ሜትር (የማዞር ጉልበቱ መለኪያ) ነው" አለኝ። ይበቃል ወይ?

ኮምቦልቻው፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው! አብረን እናስላው። 1.80 በ2 ሜትር 3.6 ካሬ ነው። ወፍራሙ ጨርቅ በካሬ 400 ግራም ቢመዝን 1.44 ኪሎ ይመጣል። ከታች የሚንጠለጠለው ብረት ግማሽ ኪሎ ገደማ። በጠቅላላው 2 ኪሎ እንበል። ቱቦው 38 ሚሊ ከሆነ ከመሐሉ እስከ ዳሩ 19 ሚሊ ነው። 2 ሲባዛ በ9.8፣ ሲባዛ በ0.019፣ ወደ 0.37 ኒውተን ሜትር ይወጣል። ይህ መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሳለ የሚጠይቀው ጉልበት ነው፤ ሲጠቀለል ጥቅሉ ይወፍራል፣ የተንጠለጠለው ግን ይቀንሳል። እኔ ሁልጊዜ የስሌቱን እጥፍ ነው የምይዘው፤ ሰበቃ አለ፣ ባትሪም ያረጃል። እጥፉ 0.75 ገደማ ነውና 1.1 ይበቃሻል። ስፋቱ ከ2 ሜትር ካለፈ ግን በ38 ሚሊ ቱቦ አታሠሪ። ችግሩ የሞተሩ አይደለም፤ ቱቦው መሐሉ ላይ ይጎብጥና ጨርቁ እየተጨማደደ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ወይ ቱቦውን ማወፈር ነው፣ ወይ ለሁለት መክፈል።

ስትለኪ ደግሞ ስፋቱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለክተሽ ትንሹን ስጪ። የኛ ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም። ክፈፉ ውስጥ እንዲገባ ከስፋቱ የመቀነሱን ሥራ ለሠሪው ተዪለት፤ አንቺም እሱም ከቀነሳችሁ ዳርና ዳሩ ክፍት ይቀራል። ባይቀነስም ቱቦውን የሚይዘው ማቀፊያ ቦታ ስለሚወስድ በየጎኑ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብርሃን ይገባል። ድቅድቅ ጨለማ ከፈለግሽ ከክፈፉ ውጭ ግድግዳው ላይ፣ በየጎኑ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አስረዝመሽ አሰቅይ።

ከሚሴ ነኝ፦ ዋጋው ስንት ነው ወንድም?

ኮምቦልቻው፦ የምኑ? የስንት በስንት? ቀጥሎ ያለው።

ሰኞ ገበያ፦ ጋሼ፣ እኔ ባትሪውን የምትሞላ ትንሽ ሶላር ያላትን ነው የገዛሁት፤ መስታወቱ ላይ ትለጠፋለች። መመሪያው "ወደ ደቡብ ባለው መስኮት ላይ ይለጠፍ" ይላል። የኔ መስኮቶች ደግሞ በምሥራቅና በደቡብ ናቸው። ደቡቡ ላይ ለጥፌያት አልሞላ አለች። ሶላሯ ተበላሽታ ይሆን?

ኮምቦልቻው፦ አልተበላሸችም። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ከምድር ወገብ ርቀው በሰሜን ነው የሚኖሩት። እነሱ ዘንድ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ነው። ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ እኛ ጋ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን ነው። ያላመነ በግንቦት፣ ስድስት ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል፣ ግቢው ውስጥ እንጨት ያቁምና ጥላውን ይይ፤ አጭር ነው፣ የሚወድቀውም ወደ ደቡብ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ወራት የደቡብ መስኮትህ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። በታኅሣሥ ያገኛል፤ ያኔ ፀሐይዋ ቀትር ላይ ከአናት ወደ 35 ዲግሪ ገደማ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ያም ሆኖ የጣሪያው ክፈፍ ረዘም ካለ መስታወቱን ይጋርደዋል።

ምሥራቅና ምዕራብ ግን ሌላ ነው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትመታ ከወር ወር ብዙም አይለይም። ከሁለቱ ደግሞ ምሥራቁን ያዝ፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናና ዝናብ ነው፣ ብርሃን ካለ ጠዋት ነው። ሶላሯን ንቀልና ምሥራቁ ላይ ለጥፋት። ሽቦዋ ካልደረሰች በቻርጀር ሙላ፣ ሞትም የለበት። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፦ የመስኮትህ መስታወት ያ እንደ መልክ ማያ የሚያብረቀርቀው ነው? ከሆነ ብዙውን ብርሃን ወደ ውጭ ይመልሰዋል፤ የትም ብትለጥፋት እምብዛም አትጠቅምህም።

ይህን ሁሉ የማወራው ለሶላሯ ብቻ ብዬ አይደለም። ለየትኛው መስኮት ገንዘብ እንደምታወጡ የሚወስነው ራሱ አቅጣጫው ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሳሎኑን ትልቅ መስኮት ያለብሳል። ቤቱን የሚያግለው ግን ብዙ ጊዜ ያ ማንም የማያየው የምዕራብ መስኮት ነው።

የጦሳ ልጅ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና ደሴ ላይ የምን የፀሐይ መከላከያ ነው? እኛ ፀሐይ ስትወጣ ወንበር ይዘን ነው የምንከተላት።

ሐይቅ ዳር፦ ሃሃ! ኮምቦልቻ ውረድና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምዕራብ መስኮት ሥር ተቀመጥ እስቲ።

የጦሳ ልጅ፦ ኮምቦልቻ እኮ የሐረጎን ቁልቁለት እንደወረድክ ጃኬት የሚወልቅበት አገር ነው። እኔ የምለው ስለ ደሴ ነው። ደግሞስ መጋረጃ በእጅ ቢጎተት ምን ይጎድላል? ስንፍና ነው።

የሆጤዋ፦ ስንፍና አይባልም እቴ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ከሶፋው በስተጀርባ ያለውን መጋረጃ ለመክፈት በየጠዋቱ ሶፋ ላይ ልትወጣ ነው?

የጦሳ ልጅ፦ ለእማማ ከሆነስ አልከራከርም፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ለጎረምሳ ግን ስንፍና ነው።

ኮምቦልቻው፦ ጨረሳችሁ? የጦሳ ልጅ፣ ደሴ ላይ ጉዳዩ ሙቀት ሳይሆን ጭጋግ ነው። መስታወቱ ጠዋት ጠዋት ስለሚያላብ የጥጥ ጨርቅ ሻጋታ ያወጣል። ፖሊስተሩን ውሰዱ። ቀጥሉ።

ወልድያ፦ መጋረጃውን በስልክ መክፈትና መዝጋት ይቻላል?

ኮምቦልቻው፦ ይቻላል፤ ለብቻው የሚሸጥ መገናኛ ሳጥን ያስፈልገዋል። በቀጥታ በዋይፋይ የሚሠራ ባለባትሪ ሞተር ግን አልመክርም፤ ዋይፋይ ባትሪ ይጨርሳል። ስለ አፑ አትጠይቁኝ።

መቅደላ ማዶ፦ ጋሼ፣ መብራት የለንም፤ የቤቴ ሶላር ባለ 12 ቮልት ነው። ከሱ ላይ ገመድ ስቤ ሞተሩን ልሙላው?

ኮምቦልቻው፦ አትሙላ! ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ መጀመሪያ አንብብ። "ኢንፑት 5 ቮልት" የሚል ከሆነ የስልክ ቻርጀር ወይም ፓወር ባንክ ነው የሚፈልገው፤ 12 ቮልት ብትሰካበት የሞተሩ ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይቃጠላል። አንዳንዱ ውስጡ ሁለት የሊቲየም ባትሪ በተከታታይ ስላለው የራሱ ባለ 8.4 ቮልት ቻርጀር አለው፤ ሦስት ያለው ባለ 12.6 ነው። እነዚህን አታለዋውጧቸው። ያንተ ሶላር ስልክ የሚሞላበት ቀዳዳ ካለው ከዚያ ሰካ። መብራት ለሚቆራረጥበት አገር የባትሪው ጥቅም ይኸው ነው፤ መብራት ኖረም አልኖረ መጋረጃው ይሠራል። በቀን አንዴ ለሚከፈትና አንዴ ለሚዘጋ፣ አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ አንዴ ከተሞላ ከ4 እስከ 6 ወር ይቆያል ይላሉ። ከባድ ጨርቅ ከሆነ ቶሎ ያልቃል።

ኮምቦልቻና ባቲ ያላችሁ፣ የምዕራቡን መስኮት መጋረጃ ባትሪ ጠዋት ሙሉት። ከሰዓት በኋላ በመስታወቱና በጨርቁ መሐል ያለው ቱቦ ይግላል፤ ሊቲየም ደግሞ ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ መሞላት አይወድም።

እመው፦ የኔ ወንድም፣ ልጆቼ ትንንሽ ናቸው። ገመድ የሌለው ስለሆነ ነው ይሄን የመረጥኩት። ሌላ የሚያሰጋ ነገር አለው?

ኮምቦልቻው፦ መልካም አደረግሽ እትዬ። የመጋረጃ ገመድ ሕፃን አንቆ ይገድላል። አሁን ግን ሪሞቱን ገልብጪው። ውስጡ እንደ ሳንቲም ያለች ጠፍጣፋ ባትሪ አለች። ሕፃን ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥለው ትችላለች፤ ባያለቅስም አደጋው ያው ነው። ክዳኑ በብሎን የሚታሰረውን ሪሞት ምረጪ፣ ማንሸራተቻ ብቻ ከሆነ በፕላስተር እሰሪው፣ ሪሞቱንም ከፍ አድርገሽ ግድግዳ ላይ ስቀይው። ያለቀችውንም ባትሪ ቢሆን መሬት ላይ አትጣይ። ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ ነገ ሳትይ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጂው።

ልጆቹ መጋረጃውን እንዳይጎትቱም ንገሪያቸው። በእጅ አይጎተትም ብያለሁ፤ የሞተሩ ጥርስ ይበላል፣ የማቆሚያ ልኩም ይዛባል።

አራዳ፦ የኛ መስኮት የብረት ነው፣ ወደ ውስጥ ይከፈታል። 120 በ140፣ ወደ ሰሜን። የት ይታሰር?

ኮምቦልቻው፦ ክፈፉ ውስጥ አይሆንም፤ መስኮቱን ስትከፍት ጨርቁን ይመታዋል። ከክፈፉ በላይ ግድግዳው ላይ፣ ጥቅሉ ከመስኮቱ ጫፍ በላይ እንዲሆን አርገህ እሰር። ብሎኬት ከሆነ በድሪል በስተህ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ) ክተት። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ፊሸር አይዝም፤ መጀመሪያ ጣውላ ከማገሩ ጋር ምታ፣ ማቀፊያውን ጣውላው ላይ እሰር። ያንተ መስኮት ትንሽ ነው፣ አነስተኛ ሞተር ይበቃዋል።

ሐይቅ ዳር፦ አያ፣ ሦስት መጋረጃ አሰቅዬ አንዱን ስጫን ሦስቱም ይወርዳሉ። ሪሞቱም ፊት ለፊት ሳላነጣጥር ይሠራል። የጎረቤትስ ሪሞት እንዳይከፍትብኝ?

ኮምቦልቻው፦ ሪሞትህ በ433 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ ስለሚሠራ ማነጣጠር አያስፈልገውም፤ ግድግዳ ያልፋል። እያንዳንዱ ሪሞት የራሱ ኮድ ስላለው የጎረቤትህን አትፍራ። ያንተ ሦስቱም ግን በአንድ ቻናል ተመዝግበዋል። አንዱን ሞተር ስትመዘግብ የሌሎቹን ኃይል ማጥፋት ነበረብህ። አሁንም የሦስቱንም የቀድሞ ምዝገባ ሰርዝ፤ ቀጥሎ ሁለቱን አጥፋና አንዱን ቻናል 1 ላይ መዝግብ፣ ከዚያ እሱን አጥፍተህ ሁለተኛውን አብራና 2 ላይ፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ 3 ላይ። የአዝራሩ ቅደም ተከተል እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ወረቀቱን አንብብ። የላይና የታች ማቆሚያውን ሳትወስን ደግሞ አታስወጣ አታስወርድ፤ ማቆሚያ የሌለው ሞተር ጨርቁን ማቀፊያው ውስጥ ይጠቀልለዋል።

የጦሳ ልጅ፦ እኔም አንድ ልጠይቅ። ለእናቴ ነው።

የሆጤዋ፦ ይኸው! ጎረምሳው መጣ።

የጦሳ ልጅ፦ ለእናቴ አልኩ እኮ። መኝታ ቤቷ 100 በ120፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ውጭ ይከፈታል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ሪሞቱ አይታያትም።

ኮምቦልቻው፦ ሁለት አዝራር ብቻ ያለውን፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ሪሞት ግዛ። ከራስጌዋ እጇ የሚደርስበት ቦታ ለጥፈው፤ በዳሰሳ ታገኘዋለች። ምሥራቅ ነው ስላልክ ሶላሯ ያላት ብትሆን ይሻላል፣ ለመሙላት ወንበር ላይ ከመውጣት ትድናላችሁ።

ከሚሴ ነኝ፦ ዋጋውን አልነገርከኝም እኮ ወንድሜ።

ኮምቦልቻው፦ ሜትር አለህ? ለክተህ ና።