የአይጥ መርዝ ከመግዛታችሁ በፊት

ከድሬዳዋ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ አንድ ጠያቂ፣ በመንደራቸው ሕፃናት ፊት ላይ ለወራት የማይድን ቁስል መታየቱን ነግረውናል። በሽታውን ነፍሳት እንደሚያስተላልፉትና አይጦች እንደሚሸከሙት በመስማታቸውም፣ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ የአይጥ መርዝ በየቤቱ ቢያድል ቁስሉ ይቀንስ እንደሆነ ጠይቀዋል። በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ በሰብል ጥበቃ ሥራ ረጅም ጊዜ እንዳሳለፈ ሰው፣ ገንዘቡን ገና እንዳታወጡት አጥብቄ እመክራለሁ።

የሰሙት ነገር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በአብዛኛው የሚሠራው ለሌላ አገር ነው። በኢራን፣ በቱኒዚያና በአልጄሪያ ደረቅ ሜዳዎች የቆዳ ሊሽማንያሲስን (በአሸዋ ዝንብ ንድፊያ የሚተላለፈውን የቆዳ ቁስል በሽታ) ተሕዋስያን የሚሸከሙት በመሬት ውስጥ የሚኖሩ የበረሃ አይጦች ሲሆኑ፣ የአሸዋ ዝንብም በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተራብቶ፣ ከአይጦቹ ደም መጥጦ፣ ሲመሽ ወጥቶ ሰው ይነድፋል። ስለዚህ በኢራን ገጠሮች በመንደሩ ዙሪያ እስከ 500 ሜትር ባለው መሬት ዚንክ ፎስፋይድ በተባለ የአይጥ መርዝ የተለወሰ ስንዴ በጉድጓዶቹ ውስጥ እየተደረገ በሽታውን ለመቀነስ ተሠርቶበታል። በእኛ አገር ደጋማ ቦታዎች ቁንጭር የሚባለው የዚሁ በሽታ ቁስል ግን ዋና ምንጩ በገደልና በቋጥኝ መካከል የሚኖረው ሽኮኮ ነው። የቤት አይጥ ሁሉ ቢያልቅ እንኳ ያ ምንጭ አይነካም። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ በሚወጣው ዳገት ሥር ያለ መንደርና በታችኛው ሜዳ ላይ ያለ መንደር አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጣቸው የማይችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመሆኑም ልጆቹ አስቀድመው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ። ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቁንጭር መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይቻላል፤ ጤና ጣቢያው ምርመራው ከሌለው ወደ ሆስፒታል እንዲልካቸው ይጠይቁ። እስከዚያው ማንም ቁስሉን በጋለ ብረት እንዳይተኩስ ወይም የባትሪ አሲድ እንዳይቀባ ይንገሩልኝ፤ ይህ በሽታው ከሚተወው የባሰ ጠባሳ በልጅ ፊት ላይ ያስቀራል።

ችግሩ ከቁስሉ ይልቅ በቁንጫ የሚመጣ ማሳከክና እብጠት ወይም በእግር የሚገባ ሙጃሌ ሆኖ ከተገኘ፣ የአይጥ ጉዳይ በእርግጥ ይነሳል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አይጥ ሲሞት በላዩ ያለው ቁንጫ የቀዘቀዘውን ሬሳ ትቶ ሌላ ደም ይፈልጋል፤ በአቅራቢያው የሚያገኘውም መሬት ላይ የተኛውን ሰው ነው። ስለዚህ በባለሙያ ምክር መጀመሪያ የቁንጫ መከላከያ ዱቄት በአይጥ መተላለፊያዎችና ጉድጓዶች ላይ ይነሰነሳል፤ አይጥ የሚገደለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚያውቅ የመርዝ ሻጭ እምብዛም አላጋጠመኝም፣ ያሳዝናልም።

መርዙ ራሱ ትልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዚንክ ፎስፋይድ በጨጓራ ውስጥ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። በእህል ተለውሶ በየቤቱ ከታደለ ሕፃን ሊያነሳው፣ ዶሮ ሊለቅመው ይችላል፤ አይጥ የምታድነው ድመትም የተመረዘውን በልታ ልትሞት ትችላለች። ግድ ከሆነ ከቤት ውጭ፣ ሰው በሚደርስበት ቦታ ሳይሆን አይጥ በሚመላለስበት ቀዳዳ ውስጥ ብቻ ይደረግ፤ አፉም በአፈር ይደፈን። አይጥ አዲስ ምግብ ስለሚጠራጠር አስቀድሞ ለጥቂት ቀናት ያልተመረዘ እህል ማስለመድ ያስፈልጋል። አንድ ቤት ብቻውን ቢያደርገው ግን የጎረቤት አይጥ ወዲያው ይተካል፤ እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ገደማ የሆነች እንስሳ ምግብና መሸሸጊያ እስካገኘች ድረስ በመርዝ ብቻ አትሸነፍም።

በሐረርጌ መንደሮች ደጋግሜ ያየሁት የአይጥ መኖሪያ ከቤት ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የተከመረ የማሽላ አገዳ ነው። ክምሩን ከመኖሪያ ቤት አርቃችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አስቀምጡት። የማሽላ ጉድጓዱን አፍ በደንብ ድፈኑ፤ ከአውድማ የተረፈውን እህልም ጥረጉ። ይህ ከብዙ መርዝ የበለጠ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ወጪውም ጉልበት ብቻ ነው።

የአሸዋ ዝንብ እንደ ወባ ትንኝ በውሃ ውስጥ ስለማይራባ ኩሬ ማድረቅ ለእርሱ አይጠቅምም። የሚፈለፈለው እርጥበትና ብስባሽ ባለው አፈር፣ በግድግዳ ስንጥቅና በበረት ፍግ አካባቢ ነው። እንግዲህ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳውን ስንጥቅ መለሰን፣ ፍጉን ከመኝታ ማራቅ፣ ልጆችንም በመድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ማስተኛት ይገባል። ዝንቡ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ያልተነከረ አጎበር ቀዳዳ አያግደውም።

የምርመራው ውጤት ሲታወቅ፣ መንደሩ ከገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በአካባቢውም ሽኮኮ ይታይ እንደሆነ ጨምረው ቢጽፉልን፣ ስለ ቀጣዩ ሥራ በተሻለ እርግጠኝነት ልመልስልዎ እችላለሁ።