ከኮዬ ፈጬ ሆኖ የጆርናል ጽሑፍ ማግኘት፦ ጥያቄና መልስ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ለገጣፎ ያላችሁ የማታና የቅዳሜ ተማሪዎች፣ ጥያቄያችሁ በዝቷል። የምሠራው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ የምችለውን ልመልስ።

ጋሼ፣ ጎግል ስኮላር ላይ ያገኘሁት ጽሑፍ ማጠቃለያውን ብቻ አሳይቶ በዶላር ክፈይ ይለኛል። ልክፈል?

ኧረ በፍጹም! መጀመሪያ እዚያው ጎግል ስኮላር ላይ፣ ከጽሑፉ ሥር ሌሎች ቅጂዎችን የሚያሳየውን መስመር ንኪው። ደራሲው በራሱ ዩኒቨርሲቲ ማኅደር ያስቀመጠው ነጻ ቅጂ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። አንፔይዎል የሚባለውን ተጨማሪ መሣሪያም (ኤክስቴንሽን) ብሮውዘርሽ ላይ ጫኚ። ሕጋዊ ነጻ ቅጂ ካለ ራሱ ይጠቁምሻል።

ግቢ ውስጥ የተከፈተልኝ ጽሑፍ ቤት ስገባ እምቢ የሚለው ለምንድን ነው?

አሳታሚው አንተን አያውቅህም። የሚያውቀው የግቢውን የኢንተርኔት አድራሻ፣ አይፒውን ነው። በሞባይል ዳታ ስትገባ ማንም መንገደኛ ነህ። ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ በዳታ እየሞከረ «ቤተ መጻሕፍቱ አይረባም» የሚል ሞልቷል፤ ዋይፋዩን ተጠቀም እንጂ ወንድሜ! ከቤት ለመግባት የዩኒቨርሲቲህ ፕሮክሲ ወይም ቪፒኤን፣ ማለትም በግቢው አድራሻ በኩል የሚያሳልፍህ መንገድ ያስፈልጋል። መኖሩን ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቅ። ቴሌግራም ሲዘጋ የምናወርደው ነጻ ቪፒኤን ግን እዚህ ምንም አይሠራልህም። አድራሻህን ሌላ አገር ያደርገዋል እንጂ ግቢ አያስገባህም።

ሰበታ ያለሁ ነርስ ነኝ፣ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። ሂናሪ ላይ በራሴ ስም መመዝገብ እችላለሁ?

አይቻልም፣ እህቴ። ሂናሪ የጤና ጆርናሎችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት በነጻ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ፕሮግራም ነው፤ የሚመዘገበው ተቋሙ ነው። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች መካከል ስለሆነች ክፍያ የለውም። የይለፍ ቃሉን ከትምህርት ቤትሽ ወይም ከሆስፒታልሽ ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ። ለግብርና ተማሪዎች ደግሞ አጎራ የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም አለ። አደራ፣ የይለፍ ቃሉን ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉት! ከታወቀ ተቋሙ በሙሉ ሊዘጋበት ይችላል።

የኢትዮጵያ ታሪክ ነው የማጠናው። የትኛው ይሻለኛል?

ጄስቶር የሚባለው የጆርናሎች የኢንተርኔት ማኅደር። ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል እዚያ አለ። የአገር ውስጥ ጆርናሎችን ኤጆል በሚባለው የአፍሪካ ጆርናሎች ድረ ገጽ ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፎችን ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዲጂታል ማኅደር ፈልግ። እነዚህን ለማየት ስድስት ኪሎ ድረስ ታክሲ መሰለፍ የለብህም።

የሚከፈልባቸውን ጽሑፎች ያለ አሳታሚዎቹ ፈቃድ በነጻ የሚያወጣው ሳይ-ሃብስ?

እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት 15 ሚሊዮን ዶላር ተፈርዶበታል። ብዙ ሰው እንደሚጠቀምበት አውቃለሁ፤ እኔ ግን ከቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ሂዱበት አልልም።

ሁሉንም ሞክሬ ባጣስ?

ለደራሲው ጻፊለት። ኢሜይሉ ማጠቃለያው አካባቢ አለ። ርዕሱን፣ በ10 የሚጀምረውን ዲኦአይ (የጽሑፉ መለያ) ቁጥርና ለምን እንደፈለግሽው በሁለት መስመር ንገሪው። የሕይወት ታሪክሽን አትተርኪለት። ብዙዎቹ ሥራቸው ሲነበብ ደስ ይላቸዋል፣ ይልካሉ። በሳምንት ውስጥ ዝም ካለ አብሮት የጻፈውን ሌላ ሰው ሞክሪ።