የቼንሶው (የሞተር መጋዝ) ካቴና ሞርጄው ወደ ጎን ይሄዳል ላልከው መልስ
ወንድሜ ሞርደኸውም ወደ ቀኝ እየጠመመ የሚቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ጎን ጥርሶች ከሌላኛው አጥረው ወይ ደንዘው ነው፣ ስለቱ ወደበዛው ይጎትታል። መጀመሪያ ካንዴላውን ንቀል፣ ጓንት አድርግ፣ ባሩን (ካቴናው የሚዞርበትን ረጅም ብረት) ሞርሳ ላይ እሰረውና በጣም ያጠረችውን ጥርስ ፈልገህ ሌሎቹን በሷ ልክ አውርዳቸው። ክብ ሞረዱ እንደ ካቴናው ፒች (የማያያዣ ፒኖቹ አማካይ ርቀት በኢንች) ነው፣ 0.325 ከሆነ 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ትንሿ 3/8 ሎ ፕሮፋይል ከሆነች ደግሞ 4 ሚሊ። ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ግፋ፣ ስትመልሰው አንሳው በጭራሽ አትጎትተው፣ አንግሉ ብዙ ካቴና ላይ 30 ዲግሪ ነው፣ ጥርሱ ላይ የተሰመረች ምልክት ካለች እሷን ተከተል። ጫፉን ወደ ብርሃን አዙረህ እየው፣ ነጭ የሚያብለጨልጭ ክር ከታየህ ገና ደነዝ ነው። ስትቆርጥበት መጋዙ ዱቄት ሳይሆን ወፈር ያለ ፍቅፋቂ መትፋት አለበት። ሁለቱም ጎን እኩል ሆኖ አሁንም ከጠመመ ባሩን እየው፣ ጠርዙ ባንድ በኩል ተበልቶ ይሆናል።